እኩል ራስ ለሁለት ዳኛ

አሶሳ ውስጥ ብዙወርቅን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ጉርድ ፎቶ አስፈልጎት አያውቅም ማለት ነው። ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ባጃጆች ተራ ከሚይዙበት ፊት ለፊት፣ በሩ አረንጓዴ የተቀባ አንድ ክፍል አለ፤ «ብዙ ፎቶ» ይላል። ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሥራ ማመልከቻ ፊቱ የተፈለገበት ሁሉ እዚያ ገብቶ በርጩማዋ ላይ ይቀመጣል። ብዙወርቅ አገጩን በሁለት ጣቷ ቀና ታደርግለትና «ትንፋሽህን ያዝ» ትለዋለች። ይይዛል። ለምን እንደሚይዝ እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም። ፎቶ እንጂ ራጅ አይደለም እኮ! እሷም ብትሆን አታውቀውም። ብቻ ትንፋሹን የያዘ ሰው ቁም ነገረኛ ይመስላል።

ዋናው ጥበቧ ግን ካሜራው ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ፎቶ ማሳደግ፣ ማሳነስ፣ ማዞር፣ መገልበጥ! በዚያች በምትንቀጠቀጥ ማውሷ ሰውን እንደ ሊጥ ታደርገዋለች። ጥበቡን ያስተማራት ስሕተት ነው። የጀመረች ሰሞን የአንድ ሙሽራ ፎቶ ጠበበባትና ከጎን ይዛ ጎተተችው። ሙሽራው ንፋስ የሚወስደው ቀጭን መምህር ነበር፤ ከማተሚያው ሲወጣ የወፍጮ ቤት ባለቤት መሰለ። አፍራ ልትቀደው ስትል የሙሽራው እናት ከእጇ ነጠቋትና እልል አሉ። «ተመስገን! ትዳሩ ገና በሳምንቱ ተስማማው!»

እሳቸው ደስ ቢላቸውም ብዙወርቅ ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣች። ሰው ከጥግ እንጂ ከጎን አይጎተትም። ከጎን የተጎተተ ሰው ዱባ ነው። ወደ ላይ የተጎተተ ሰው ቀርከሃ ነው። ከጥግ የተጎተተ ግን ቢያድግም ቢያንስም ራሱ ነው።

ይህ ሕግ ነው እንግዲህ ከሁለት አባቶቿ ጋር ያጣላት።

አንደኛው የወለዷት ናቸው፤ ጋሽ ታረቀኝ። በሰፈራው ዘመን ከወሎ የመጡ ናቸው። አሶሳ ሲሆኑ «እኛ አገር» የሚሉት ወሎን ነው፣ ወሎ ሲሄዱ ደግሞ «እኛ አገር» የሚሉት አሶሳን ነው፤ እንዲህ አድርገው በሁለቱም ቦታ እንግዳ ሆነው ይከበራሉ። ረጅም ናቸው፣ ፊታቸው ሾጠጥ፣ ጢማቸው ጎፈር ያለ፣ መላጣቸው ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ሁለተኛው አማቷ ናቸው፣ የባሏ የጅረኛ አባት፣ ኦቦ ዳበሳ። ቤተሰባቸው ከወለጋ ነው። አጠር ደልደል ያሉ፣ ፊታቸው እንደ ድፎ ዳቦ ክብ፤ ባርኔጣቸውን ለጸሎት እንጂ ለሰው አያወልቁም።

ጋሽ ታረቀኝ የላይ ሰፈር እድር ዳኛ ናቸው። ኦቦ ዳበሳ የታች ሰፈር እድር ዳኛ ናቸው። ብዙወርቅ በትውልድ የላይ፣ በጋብቻ የታች ናት፤ ላይ ሰው ሲሞት ሽንኩርት ትልጣለች፣ ታች ሰው ሲሞት ሽንኩርት ትልጣለች። አንድ ጊዜማ በሁለቱም ሰፈር ባንድ ቀን ሰው ሞተና፣ ቢላዋዋን እንደያዘች ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ስትሮጥ ለቅሶው ተምታታባት። «ወይኔ አባባ፣ ጢምህን ሳልጠግበው!» ብላ ደረቷን የደቃችው ለአንዲት ምስኪን አሮጊት ነበር።

ስለዚህ ሁለቱ እድሮች ይዋሃዱ የሚል ነገር ሲመጣ እንደ ብዙወርቅ የፈነደቀ አልነበረም። ነገሩም ደህና ነገር ነው። የላይ ሰፈር ጥሩ ድንኳን አለው፣ ድስቶቹ ግን ቂጣቸው ተበስቷል። የታች ሰፈር እንደ በርሜል ያሉ ድስቶች አሉት፣ ድንኳኑ ግን ከውጭ ይልቅ ከውስጥ ይዘንብበታል። አባላቱ ተስማሙ። ሁለቱም ዳኞች አብረው እንዲመሩ ተባለ። እሁድ ጠዋት በእድር ሜዳው በእጅ ማውጣት ሊጸድቅ ተቀጠረ። የቀረው ባነር ብቻ ነው፤ የሁለቱ ዳኞች ፎቶ ያለበት አንድ ትልቅ ባነር።

«ከገዛ ልጃችን ሌላ ማን ይሠራዋል!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። ከዚያ ቀጥለው፣ አሁንም ባንድ አፍ፣ «ብቻ እኩል ይሁን» አሉ።

«የኔ ራስ ካነሰ እሁድ አልመጣም» አሉ ጋሽ ታረቀኝ።

«የኔ ካነሰ እኔም እግሬን አላነሣ» አሉ ኦቦ ዳበሳ።

ዳኛ ያልመጣበት ውህደት ደግሞ ውህደት አይደለም። ብዙወርቅ አሰላችው። ይህ ነገር ከፈረሰ ዕድሜ ልኳን ሁለት ቦታ ሽንኩርት መላጧ ሳያንስ፣ ሁለቱ አባቶቿ በዓል በመጣ ቁጥር ቤቷ ተቀምጠው እየተገላመጡ ዶሮዋን ሊያመርሩባት ነው።

ሐሙስ ዕለት ሱቋ ውስጥ ሁለቱን ሽማግሎች አስቀምጣ ሥራ ጀመረች። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አደረገችና ቁመታቸውን አስተካከለች።

«የዳበሳ ሰፋ» አሉ ጋሽ ታረቀኝ ወዲያው።

«አባዬ፣ ቁመቱ እኩል ነው። የሳቸው ፊት ክብ ስለሆነ ነው።»

«እና እኔ ክብ ስላልሆንኩ ልበደል?»

ስፋቱን አስተካከለች። አሁን ደግሞ የጋሽ ታረቀኝ መላጣ ከባነሩ ወጥቶ ሄደ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ ኦቦ ዳበሳ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡ በኦሮምኛ ይለዝባሉ፣ «ይሄ ሰውዬ እኮ ጣሪያ ሊበሳ ነው።»

ክርክሩ ሲጦፍ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው አብዱልረሂም ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። የሆሞሻ ልጅ ነው፣ በብሔሩ ቤርታ፤ በገበያው ውስጥ የታመነ መለኪያ ቢኖር የሱ ሜትር ነው። «ሜትር አይዋሽም» አለና ሜትሩን ኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ዘረጋ። ከኦቦ ዳበሳ አገጭ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ባርኔጣው ጋ ደርሶ ቆመ።

«ይሄ ይቆጠራል?»

«እንዴት አይቆጠርም!» አሉ ኦቦ ዳበሳ።

«ባርኔጣ ራስ ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ ታረቀኝ። «አብዱልረሂም፣ አንተ የልብስ ሰው ነህ፤ በፈጠረህ፣ ባርኔጣ ልብስ ነው ራስ ነው?»

«ወላሂ ልብስ ነው።»

«እሺ ልብስ ይሁን!» አሉ ኦቦ ዳበሳ እንደ መነሣት ብለው። «የሱስ? ግንባሩን ለኩልኝ ብል የት ላይ ልታቆሙ ነው? የዚህ ሰውዬ ግንባር እኮ የሚያበቃው ማጅራቱ ላይ ነው!»

አብዱልረሂም ሳቁን ለመዋጥ ሜትሩን ነከሰ። ጋሽ ታረቀኝ መላጣቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ እንዳይለካ ይሁን እንዳይሰማ እንጃ።

ያኔ ነው ብዙወርቅ የገዛ ሕጓን የጣሰችው። ማንም ሳያያት አባቷን ከጎን ያዘችና ሳብ አደረገቻቸው፤ አማቷን ደግሞ ከላይ ይዛ መዘዘቻቸው። አሁን በቁመትም በወርድም ልክ በልክ ሆኑ። «በሉ፣ ጨረስኩ!» አለች።

ሁለቱም መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ።

«ይሄ ማነው?» አሉ ጋሽ ታረቀኝ በመጨረሻ።

«አንተ ነሃ» አሉ ኦቦ ዳበሳ።

«እኔ? እኔ ይሄን ጉንጭ ከየት አምጥቼ? ያንተስ ቢሆን፣ ከወባ የተነሣ ፈረስ አይመስልም?»

ተመለሰ። ሁሉም ወደነበረበት ተመለሰ። ግን ሌላ ጣጣ ታየ። ሁለቱም ፎቶዎች ሲነሡ ወደ ቀኝ ነበር የሚያዩት፤ ስለዚህ ባነሩ ላይ አንዱ የሌላውን ጀርባ ያያል።

«ይሄ ታረቀኝ ከኋላዬ ምን ይከታተለኛል?» አሉ ኦቦ ዳበሳ።

«ቀላል ነው አባባ፣ እርስዎን እገለብጥዎታለሁ» አለች ብዙወርቅ፤ ማውሷን ተጫነች፣ ኦቦ ዳበሳ እንደ መስታወት ዞረው ከጋሽ ታረቀኝ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። አቤት ማማር! ሁለት ዳኞች፣ ፊት ለፊት! ኦቦ ዳበሳ ራሳቸው ፈገግ ማለት ሲጀምሩ አብዱልረሂም «ያ ረቢ!» ብሎ ጮኸ።

«ምነው?»

«ይሄ ኮት ሴት ሆነ! ቁልፉን እዩት! ወንድ እንዲህ አይቆልፍም። እኔ የሰፋሁት ኮት ነው፣ ሰው ቢያይ አብዱልረሂም ለኦቦ ዳበሳ የሴት ኮት ሰፋ ይላል። ወላሂ ሱቅ እዘጋለሁ!»

ኮቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በትራቸውም ግራ እጃቸው ላይ ገብቷል፣ የወርቅ ጥርሳቸውም ሰፈር ቀይሯል። ኦቦ ዳበሳ ምላሳቸውን አፋቸው ውስጥ ሰደው ጥርሳቸውን ፈለጉት፤ በቦታው ስላገኙት ትንሽ ተረጋጉ።

ብዙወርቅ አንድ መላ ቀራት። አንዱን ሽቅብ፣ አንዱን ቁልቁል፣ እንደ ካርታ መጫወቻው ንጉሥ! «እዩ፣ ማንም ግራ ማንም ቀኝ አይሆንም። ጠዋት አንዳችሁ ቀና ትላላችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ጅረኛ ባነሩን ያዞረዋል፣ ሌላችሁ ቀና ትላላችሁ።» ስትናገረው እንኳን ለጆሮዋ ልክ እንዳልሆነ ገብቷታል፤ ግን አፏ አልቆም አላት።

«አንቺ ልጅ» አሉ አባቷ፣ «ሰው ተዘቅዝቆ የሚሰቀለው ምን ሲያደርግ ነው?»

ሁለቱም ባንዴ ተነሡ። ሁለቱም ባንዴ በሩ ላይ ደረሱ። ማን ይቅደም? «እለፍ።» «የለም አንተ እለፍ።» «እኔ ካለፍኩ ቀደመኝ ልትል ነው።» ባንዴ ሊወጡ ሲሞክሩ የጋሽ ታረቀኝ ክርንና የኦቦ ዳበሳ ሆድ በሩን ቀርቅረው ያዙት። አብዱልረሂም ከኋላ ገፍቶ አወጣቸው። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሄዱ። «እሁድ ያለኔ!» የሚለው ድምፅ ከሁለቱም አቅጣጫ መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ብዙወርቅ ብቻዋን ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ተከዘች። ለእሁድ እንዲደርስ ባነሩ ከሰዓት በፊት ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር ብላ፣ መጠናቸውን ለማመሳከር የአባቷን ፎቶ እንደ ነጠላ አሳሳችውና በአማቷ ፎቶ ላይ ደረበችው። ዓይን በዓይን ላይ እንዲያርፍ አባቷን ከጥግ ይዛ ጥቂት አሳነሰች። ኦቦ ዳበሳ አንገታቸውን ዘመም ስለሚያደርጉ እሳቸውን ትንሽ አዞረች። ጥቂት ወደዚህ፣ ጥቂት ወደዚያ፤ አፍንጫ ከአፍንጫ ገጠመ፣ ከንፈር ከከንፈር ላይ አረፈ፣ ከዚያ...

ብዙወርቅ ጮኸች። ጅረኛ ፊት ለፊት ተራ ያስያዘውን ባጃጁን ትቶ ዘሎ ገባ።

«ምን ሆንሽ?»

«ቤዚ ጢም አወጣች!»

ቤዚ ልጃቸው ናት፣ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ያለችው። ጅረኛ ኮምፒውተሩን አየ። በተደራረበው የሁለቱ ሽማግሎች ፊት ውስጥ ቤዚ ቁጭ ብላ፣ ባርኔጣ አድርጋ፣ ጢሟን አጎፍራ ታየዋለች። ያቺው ዓይኗ! ያው ቁጡ አገጯ! ጅረኛ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ ባጃጁን አስነሣና ላይ ሰፈር ሄደ፤ «ቤዚ ሱቅ ውስጥ አለች፣ ይምጡልኝ ትላለች» ብሎ አማቱን አመጣ። ታች ሰፈር ሄደ፤ ያንኑ ብሎ አባቱን አመጣ። የሁለቱም ዓይን የልጅ ልጃቸውን ሲፈልግ ኮምፒውተሩ ላይ አረፈ።

«ወይ ጉድ!» አሉ ጋሽ ታረቀኝ። «አፍንጫዋ የኔው ነው።»

«አገጩስ?» አሉ ኦቦ ዳበሳ። «አገጩ የማን ነው?»

«አገጩ... ያው ያንተ ነው። ግትርነቷ ከየት መጣ ስል ኖሬ!»

«ግንባሩስ?»

«ግንባሩን ተወው፣ ባርኔጣ ሸፍኖታል፤ ተመስገን በል።»

ሁለቱም ተያዩና ሳቃቸው ፈነዳ። ኦቦ ዳበሳ እስኪያለቅሱ ሣቁ፤ ጋሽ ታረቀኝ ትከሻቸውን ተደግፈው ሣቁ። «ይሄ ነው ባነሩ!» አሉ ባንድ አፍ። «ከዚህ በላይ እኩል ከየት ይመጣል!»

«አሳድጊው» አሉ ጋሽ ታረቀኝ። አሳደገችው።

«ገና! አሳድጊው!» አሉ ኦቦ ዳበሳ።

«ጽሑፉ ቦታ አጣ እኮ አባባ።»

«አሳንሺዋ! ጽሑፍ ማን ያያል?»

እንዲህ ሆኖ ፊቱ በር አከለ፣ «የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር እድሮች የውህደት በዓል» የሚለው ጽሑፍ ግን ከሥሩ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ሆነ። ብዙወርቅ ለማተሚያ ቤቱ ልካ ስታበቃ ለቤዚም በቴሌግራም ላከችላት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «እማ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው? ደስ አላለኝም። ቁጥሬን እንዳትሰጪው!»

እሁድ ማለዳ ጅረኛ ባነሩን ሜዳው ላይ በሁለት ማንጎ ዛፎች መሐል ወጥሮ ሽማግሎቹን ሊያመጣ ሄደ። ሜዳው ባዶ ነው። መጀመሪያ የደረሰው ኤጀታ ነው፤ የታች ሰፈር እድር ጥሩንባ ነፊ። የኤጀታ ሥራ ሰው ሲሞት ቀድሞ መስማትና ጥሩንባ እየነፋ ማርዳት ነው፤ ካረፈደ ይወቀሳል። እንግዲህ ይታያችሁ። የእድር ሜዳ፣ አንድ ለብቻው የተሰቀለ ትልቅ ፊት፣ ባርኔጣውን እንዳደረገ ቁም ነገረኛ ሆኖ የሚያይ። በየትኛው አገር ነው እንዲህ ያለ ፎቶ በእድር ሜዳ ላይ በደህና ቀን የሚሰቀለው? ኤጀታ ጉንዳኖቹን አላነበበም። ወገቡን ያዘ።

«ሞቷል! ሳልሰማ ሞቷል! ኤጀታ ዛሬ ጉድህ ፈላ!»

ጥሩንባውን ነፋ። ያረፈደውን ለማካካስ እጥፍ አድርጎ ነፋው፤ እስከ ላይ ሰፈር ተሰማ።

ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ መጣ። «ማነው?» ይላል አንዱ። «ፊቱን አውቀዋለሁ፣ ስሙ ነው የጠፋብኝ» ይላል ሌላው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያስታውሰውም! የላይ ሰፈር ወጣቶች ድንኳናቸውን ተሸክመው መጥተው ተከሉ። የታች ሰፈር ሴቶች እነዚያን በርሜል የሚያህሉ ድስቶች እያንከባለሉ አምጥተው እሳት ላይ ጣዱ። ቀነኒ የምትባለው የታች ሰፈር አልቃሽ ባነሩ ሥር ቆማ ሙሾዋን ጀመረች፤

«ባርኔጣህን ሳትፈታ፣
እንዲህ ዝም ያልከው ለምን ይሆን ጌታ!»

አለች፣ ሜዳው በእንባ ራሰ።

ብዙወርቅ ጥሩንባውን ስትሰማ ቤቷ ነበረች። ልማድ ሆኖባት ቢላዋዋን ይዛ ሮጠች፣ ድስቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ዓይኗ ሲያነባ አጠገቧ ያለችውን ሴት «ለመሆኑ ማነው?» አለቻት።

«ያውልሽ፣ ፎቶው።»

ብዙወርቅ ቀና አለች። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ።

በዚያው ቅጽበት የጅረኛ ባጃጅ ደረሰ። በሞተሩ ጩኸት ጥሩንባውን ያልሰሙት ሁለቱ ዳኞች ኮታቸውን ለብሰው፣ ለጭብጨባው እጃቸውን ከባጃጁ ግራና ቀኝ አውጥተው እያውለበለቡ ወረዱ። ጭብጨባ የለም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ እየመጣ ይጨብጣቸዋል።

«እግዜር ያጥናዎ ጋሽ ታረቀኝ። ለካ ዘመድዎ ኖሯል፤ ቁርጥ እርስዎን ነበር የሚመስል።»

«ያጥናዎ ኦቦ ዳበሳ። ወንድምዎ ነበር? ያው ፊትዎ ነው እኮ!»

ግራ የገባቸው ሁለቱ ሽማግሎች እየተመሩ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ሐዘንተኛ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋቢም ተደረበላቸው። «ዳበሳ» አሉ ጋሽ ታረቀኝ በሹክሹክታ፣ «ማን ሞቶብን ነው?» «እኔ አንተን ልጠይቅ ነበር» አሉ ኦቦ ዳበሳ፤ እንባቸውም ጠብ አለ፣ ማንም ይሁን ማን ዘመድ ነው ብለው።

ብዙወርቅ ሰው እየገፋች ገብታ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ሁለቱም ቀስ ብለው ዞረው ባነሩን አዩት። ቀስ ብለው እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ታረቀኝ ተነሥተው ቆሙ።

«ወገኖቼ፣ የሞተ ሰው የለም! ያ ፊት የኔና የዳበሳ ነው። ልጃችን ናት ያዋሃደችን!»

ሰው ተንጫጫ። ከኋላ «በል በል፣ ድንኳኑን እንንቀል» የሚል ድምፅ መጣ። ኦቦ ዳበሳ በትራቸውን አነሡ።

«ቆይ! ይሄ ድንኳን የማን ነው?»

«የላይ ሰፈር!»

«ያ ድስትስ?»

«የታች ሰፈር!»

«እንግዲያ ውህደቱን የሚቃወም ካለ ይነሣ፤ የላይ ከሆነ ድንኳኑን ይንቀል፣ የታች ከሆነ ድስቱን ያውርድ።»

ወጡ መፍላት ጀምሮ ነበር። ሽታው ድንኳኑን ሞልቶታል። ከመሐከል አንድም ሰው አልተነሣም፤ አንዱ ወጣት እግሩ ደንዝዞት ሊነሣ ሲል እናቱ በጆሮው ጎትታ አስቀመጠችው። ጭብጨባው ያኔ ቀለጠ። ብዙወርቅ ግን አላጨበጨበችም፤ ወደ ድስቱ ወጥታ ቢላዋዋን ከመሬት አንሥታ አጠገቧ ለነበረችው ሴት ሰጠቻትና፣ ተመልሳ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በእድር ድንኳን ውስጥ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ጭብጨባው ጋብ ሲል ቀነኒ እጇን አወጣች። ዓይኗ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ ድምጿ ተዘግቷል።

«እሺ ተዋሃዱ፣ ይሁን። እኔ ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ለማን ነው ያለቀስኩት?»

ሁለቱ ዳኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን አጋጥመው ተመካከሩ። ብዙ አልፈጀባቸውም።

«ያለቀስሽው አይጠፋብሽም» አሉ ጋሽ ታረቀኝ።

«ለሚቀጥለው ለቅሶ ይታሰብልሻል» አሉ ኦቦ ዳበሳ።

ቀነኒ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«እንዲያ ከሆነማ» አለች፣ «ትንሽ ልጨምርበት።»